ማኅተሙን የሰበረው ሰው

ይህን ሳጥን ተመልከቱ። ሰማያዊ ነው፤ ክዳኑ አንድ ጥግ ላይ ጎድጉዷል፤ መያዣው ተበጥሶ በብርቱካናማ ገመድ ታስሯል። ከጎኑ ቀጭን ሽቦ ይወጣና የክብሪት ቀፎ በምታክል መሣሪያ ላይ ያልቃል። መሣሪያዋ ላይ ቁጥር ይነበባል፦ 1.4። ሳጥኑ ያለው ሰው ጭን ላይ ነው፤ ሰውየው ያለው በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ የመሸጋገሪያ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ነው። ሰውየው ቁጥሯን ያያል፣ ቀና ይላል፣ መልሶ ያያል። ከግማሽ ሰዓት በፊት 2.1 ነበረች።

አሁን ውስጡ ያለውን ስሙ። ውስጡ አራት መቶ ሚሊ ሊትር የአንድ ወጣት የአጥንት መቅኔ አለ። በሌላ አገር፣ በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ፣ የዚያ ወጣት እህት ተኝታለች። ሰባት ዓመቷ ነው። የራሷ መቅኔ በመድኃኒት ተጠርጎ ወጥቷል፤ በቦታው ምንም የለም። ይህ ሳጥን ካልደረሰ፣ ወይም ደርሶ ውስጡ ያለው ከሞተ፣ ልጅቷ ትሞታለች። «ምናልባት» የሚባል ነገር የለውም። ታሪኩን የሰማሁ ቀን ክው ብዬ ቀረሁ፤ እናንተም ክው እንድትሉ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

ሰውየው ሐኪም አይደለም። የክትባት መጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያው ሥራ። ጠዋትና ማታ የማቀዝቀዣዎቹን ሙቀት ይመዘግባል፤ ክትባት በሳጥን እያሸገ ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ ያደርሳል። በመጋዘኑ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጋሽ ነቅንቅ» ነው የሚሉት። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንድ አይስ ፓክ፣ ያው ውሃ ተሞልቶ በረዶ የሆነ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ ያስይዘውና «ጆሮህ ሥር አድርገህ ነቅንቅ» ይለዋል። ዝም ካለ ገና ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ላብ ያውጣ። ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ ከተንቦጫረቀ ያኔ ሳጥን ይገባል። ድንጋይ እንደሆነ የገባ አይስ ፓክ አጠገቡ ያለውን ክትባት በረዶ አድርጎ ይገድለዋል። የሞተ ክትባት ደግሞ መልኩ ካልሞተው አይለይም፤ በመርፌ ይገባል፣ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ እናትም አመስግና ትሄዳለች።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። በሥራው ሁለተኛ ዓመት፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቀኑ ሐሩር ነው ብሎ፣ ሳጥኑን በድንጋይ በረዶ ጢም አድርጎ ሞላው። ደግ የሠራ መስሎት ነበር። የወሰደው ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጥ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነበር፤ ለአራት መንደር። ከሳምንታት በኋላ አንድ ተቆጣጣሪ የተረፉትን ጠርሙሶች አይቶ በረዶ እንደገደላቸው ነገረው። የተወጉት ሁሉ ተፈልገው እንደገና ተወጉ። አንዲቱ ግን ቀድማ ወልዳ ነበር፤ ሕፃኑ በሰባተኛ ቀኑ መንጋጋው ተቆልፎ ሞተ። በክትባቱ ይሁን በሌላ ያጣራ አልነበረም። የከሰሰውም የለም። «ማንም አልጠየቀኝም እኮ» ይላል ዛሬም፤ ከቅጣት ሁሉ የከበደው እሱ ይመስለኛል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ወንድሟ «ጡሩንባ» ነው የሚላት፤ ስታለቅስ ድምፅዋ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። እሱ በያጅ ነው፤ ሃያ ዓመቱ። አንድ ቀን ጡሩንባ ትምህርት ቤት ዴስኳ ላይ ደም ነስሯት አልቆም አለ። እግሯ ሳይመታ ይበልዝ ጀመር። ተመረመረች፤ መቅኔዋ ደም መሥራት አቁሟል ተባለ። መድኃኒቱ የሌላ ሰው መቅኔ ነው፤ ስቴም ሴል የሚሉት ደም የሚያበቅለው ዘር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ወንድሟ ተመረመረ፤ አሥር ከአሥር ገጠመ። ቤቱ ተሳሳቀ። እናትየዋ ሐኪሙን አቅፋ ሳመችው።

ከዚያ ደግሞ ሌላው ተነገራቸው። በእኛ አካባቢ ባሉ ስምንት አገሮች ውስጥ ለሕፃናት የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚሠራ አንድ ክፍል ነው ያለው። አልጋው ስድስት ነው። ስምንት አገር፣ ስድስት አልጋ። ተሳስቼ የጻፍኩ መስሏችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ካነበባችሁ፣ አልተሳሳትኩም።

አሥራ አራት ወር ጠበቁ። ተራው ሲደርስ እናትና ልጅ ቪዛ አገኙ፤ ወንድምየው ተከለከለ። እንደገና አመለከተ፤ እንደገና ተከለከለ። ወረቀቱ ላይ «ተመልሶ እንደሚመጣ በቂ ማስረጃ አላቀረበም» ይላል። የሐኪሟ ደብዳቤ ተያይዞ ነበር፤ የእህቱ ፎቶ ተያይዞ ነበር። አንብቦ ወይም ሳያነብ «አይሄድም» ያለ አንድ ሰው አለ፤ ያን ቀን ምሳውን በልቶ ቤቱ ገብቷል። የክፍሉ ዋና ሐኪም ሴት ናት፤ ይህን ስትሰማ ልጁ መምጣት ካልቻለ መቅኔው ይምጣ አለች። በቤተሰቡ ከተማ ያለው ሆስፒታል ከዳሌ አጥንት መቅኔ በመርፌ መቅዳት ይችላል፤ ልኮ ግን አያውቅም። ቀዝቃዛ ሳጥን ይዞ መጓዝ የለመደ፣ ፓስፖርትም ያለው ሰው ተፈለገ። በመጨረሻ የተገኘው ጋሽ ነቅንቅ ነው።

መቅኔው ገና በጠዋት ተቀዳ። ወንድምየው ከማደንዘዣው ነቅቶ በአልጋ ሲገፋ ጋሽ ነቅንቅን ኮሪደር ላይ አገኘውና እጁን ያዘው።

«አጥንቴን ቪዛ አልጠየቁትም፤ የተጠረጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለው፤ አፉ ገና እየተሳሰረ። «ለጡሩንባ ንገርልኝ ጋሼ፤ ከዛሬ ጀምሮ ብየዳ ትችያለሽ በላት።»

ከዚያ ጋሽ ነቅንቅ ወደ ላቦራቶሪ ገባ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ልረግመው ብፈልግም ይህን አልክድበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ የደም ናሙና በረዶ አድርጎ ወደ ውጭ ሲልክ ኖሯል፤ በእሱ ሥራ ቀዝቃዛ ማለት ደኅና ማለት ነው፣ የበለጠ ሲቀዘቅዝ የበለጠ ደኅና ነው። መቅኔው ግን በረዶ መሆን የለበትም፤ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ መቆየት አለበት። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ኃላፊውም አንብቦታል። አንብቦት፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ፣ አራት ድንጋይ አይስ ፓክ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ በከረጢቱ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ደረደረ።

«እነዚህ ላብ አውጥተዋል?» አለ ጋሽ ነቅንቅ።

«ጋሽዬ፣ እርስዎ ይሸከሙልን፤ ማሸጉን ለእኛ ይተዉት።»

ከጎኑ የነበረ ቴክኒሽያን ይሄ ክትባት አይደለም፣ ስቴም ሴል ነው አለና ሳቀ። ጋሽ ነቅንቅ ምላሱን ዋጠ። እዚህ ላይ በእሱም ተናድጃለሁ፤ ፊት ለፊትም ነግሬዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሚያውቀውን ነገር፣ ነጭ ጋውን ስለለበሱ ብቻ ዋጠው። የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጋዘን ያመጣት የሙቀት መመዝገቢያ ሽቦዋ ሳጥኑ ውስጥ እንዲገባለት። ሳቁበትና አስገቡለት። ሳጥኑ ተዘጋ፤ ቁጥር ያለው ቀይ ፕላስቲክ ማኅተም ገባበት። «ማኅተሙ የተነካ ዕቃ ርክክብ አይደረግበትም» የሚል ወረቀት ክዳኑ ላይ ተለጠፈ።

በመጀመሪያው በረራ ላይ ቁጥሯ ከስድስት ወደ ሦስት ወረደች። መሸጋገሪያው ሲደርስ 2.1፤ ከዚያ 1.4፤ ከዚያ 1.1። ስልኩን አውጥቶ ለላቦራቶሪው ኃላፊ ደወለ።

«አይክፈቱ» አለው ኃላፊው። «ከከፈቱ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።»

«ዜሮ ከገባስ?»

«ማሽንዎ ተሳስታ ይሆናል።»

ወደ ሕፃናቱ ክፍል ደወለ። ሐኪሟ ሌላ ልጅ ጋ ገብታለች፤ ያነሣችው ነርስ ናት። ልጅቷ እንዴት ናት አላት። መድኃኒቱን ትናንት ጨርሳለች፣ ዛሬ የሚጠበቀው እርስዎ ነዎት አለችው። መቅኔው ባይደርስ ወንድሟ እንደገና ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀ። ለዚያ ቀናት ይፈልጋል፣ ልጅቷ ደግሞ ትኩሳት ጀምሯታል አለችው። እና ባይደርስ ምን ይሆናል አላት።

«እሱን አይጠይቁኝ አባቴ» አለች ነርሷ።

ቁጥሯ 0.8 ሆናለች።

ተነሥቶ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫውን ፈለገ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ፣ አንዲት ጎልማሳ ነርስ። ነገሩን በአጭሩ ነገራትና መቀስ ጠየቃት። ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች፤ «ልጅቷ የእርስዎ ናት?» አለችው። አይደለችም፣ አይቻትም አላውቅ አላት። ጠረጴዛውን በአልኮል ወለወለችለትና መቀሱን ሰጠችው። ሁለቱም ጓንት አደረጉ።

ማኅተሙን ቆረጠው።

ክዳኑ ሲነሣ ቁጥሯ 0.3 ነበረች። አራቱ ፓኮች ድንጋይ ናቸው። ከረጢቱ ላይ የተደረበው ፕላስቲክ ዳር ዳሩን ጨው የመሰለ አመዳይ ይዟል። ጋሽ ነቅንቅ እጁን ዘርግቶ መንካት አቃተው። «ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ» አለኝ፤ «ያ ሕፃን ነው የታየኝ»። ነርሷ ናት «ይንኩት እንጂ» ያለችው። ነካው። ከረጢቱ ለስለስ ብሎ ጣቱ ሥር ተንቀሳቀሰ። አልረጋም።

ፓኮቹን አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ ከረጢቱን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ ባዶው ሳጥን ውስጥ መለሰና ክዳኑን ገጠመ። ከዚያ መጠበቅ ነው። በረዶ እስኪላብ መጠበቅ። ቀጣዩ በረራ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ሆነ። ነርሷ አንዷን ፓክ አንሥታ እንዳሳያት ጆሮዋ ሥር ነቀነቀች፤ ዝም። ሰባት ተኩል ሆነ። ተሳፋሪዎች ይግቡ ተባለ። ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ይሮጣል፣ እርስዎ የበረዶ ላብ ይጠብቃሉ አለችው፤ ሳቀላት። ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ሦስቱ ተንቦጫረቁ፤ በከረጢቱ ዙሪያ ደረደራቸው። አራተኛው ዝም እንዳለ ነው፤ እሱን ጥሎት ሄደ። ነርሷ ሳጥኑን በፕላስተር አሽጋ፣ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት ጽፋ፣ ስሟን ፈረመችበት። ማንም አላዘዛትም። ሮጠው ደረሱ፤ በሩ ሊዘጋ ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሣ ቁጥሯ 3.6 ላይ ቆማለች።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታሉ ደረሰ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ፤ አላምን ብዬ።

በዕቃ መረከቢያው መስኮት ያለው ሠራተኛ ሳጥኑን አገላብጦ አየና ቅጹን አወጣ። ቅጹ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ «ያልተነካ» እና «የተነካ»። ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ሳጥኑን በመስኮቱ መልሶ ገፋው።

«ወደ ላኪው ይመለሳል» አለ።

ጋሽ ነቅንቅ ያልገባው መሰለው። አስረዳ፤ የነርሷን ፊርማ አሳየ፤ መሣሪያዋን አሳየ። ሰውየው ክፉ አልተናገረም፤ አልጮኸም። መመሪያው እንዲህ ነው፣ እኔም ልጆች አሉኝ፣ ከሥራዬ አታስወጣኝ አለው። ሦስት ፎቅ በላይ ልጅቷ ባዶ አጥንቷን ይዛ ተኝታለች።

«ወዴት ነው የሚመለሰው?» አለው ጋሽ ነቅንቅ። «ወደ ወንድሟ አጥንት?»

አሥራ አንድ ደቂቃ በዚያ መስኮት ቆመ። ሐኪሟ ሳጥኑ ሲዘገይባት ራሷ ወረደች። ማኅተሙን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ማን እንደከፈተው ጠየቀች። «እኔ ነኝ» አላት። መሣሪያዋን ነቅላ ኮምፒውተር ላይ ሰካቻት። የሙቀቱ መስመር ወጣ፤ ከስድስት ቁልቁል እየተንሸራተተ 0.3 ይደርሳል፣ እዚያ ይታጠፍና ወደ ላይ ይወጣል። ሐኪሟ ጣቷን መታጠፊያው ላይ አደረገች። ከዚያ ወንበር ሳትፈልግ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ሳይከፍቱት አምጥተውልኝ ቢሆን» አለችው፣ «ማኅተሙ ደኅና ነው ብዬ ፈርሜ፣ የሞተ ነገር ነበር የምሰቅልላት። ሳላውቅ።»

ተረካቢው አሁንም አልፈርምም አለ። እሷ ፈረመች።

ጡሩንባ መቅኔውን በክንዷ ሳይሆን ደረቷ ላይ በገባው ቱቦ ተቀበለች፤ እንደ ማንኛውም ደም ተሰቅሎ፣ ጠብ ጠብ እያለ። ጋሽ ነቅንቅ ከመስታወቱ ውጭ በስልክ የወንድሟን መልእክት ነገራት። ራሷ ተላጭቷል፤ ከንፈሯ ቆስሏል። ትንሽ አስባ፣ የብየዳ መነጽር ግን የለኝም አለችው። እናትየዋ ምን እንደተፈጠረ ያን ቀን አልተነገራትም። የነገሯት በሦስተኛው ቀን ነው፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያ የጠየቀችው «በረዶ ሊሆን ስንት ነጥብ ነበር የቀረው?» ብላ ነው። ሦስት አሥረኛ ዲግሪ አሏት።

አዲሱ መቅኔ መያዙ የሚታወቀው ነጭ የደም ሴል ብቅ ሲል ነው። አምስተኛው ቀን ዜሮ፤ ዘጠነኛው ቀን ዜሮ። በዚያው በዘጠነኛው ቀን ጋሽ ነቅንቅን መጋዘኑ ውስጥ ከጤና ቢሮው ደብዳቤ ደረሰው። «ያለ ፈቃድ የሕክምና ዕቃ ማኅተም በመስበር» ይላል። እስኪጣራ ድረስ ከማናቸውም ማጓጓዝ ታግዷል። ልጅቷ ብትሞት ኖሮ የገደላት እሱ ሊሆን ነበር፤ ከፍቶ አቆሽሾት ይባል ነበር። አሥራ አራተኛው ቀንም ዜሮ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን 0.2 ተገኘ። በሃያ አንደኛው ቀን 0.9፤ መቅኔው ያዘ። ጡሩንባ ጮኻ አለቀሰች፤ ነርሶቹ ከኮሪደሩ ማዶ ሰምተዋት ሳቁ። ወንድሟ በስልክ ሰማት፤ የብየዳ ማሽኑን አጥፍቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ቢሮው ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ልጅቷ ከዳነች መጀመሪያውኑ ችግር አልነበረም፣ ማኅተሙ በከንቱ ነው የተሰበረው አለ። ብትሞት ጥፋተኛ፣ ብትድን ጥፋተኛ። መስመሩ የታጠፈበትን ወረቀት ሐኪሟ ፈርማ ልካለች፤ ከፋይሉ ጋር አልተያያዘም ይላሉ።

ይህም አልበቃ። በሚቀጥለው ወር ሌላ መቅኔ ይጓዛል፤ ለአንድ የአራት ዓመት ልጅ። ከዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው እጅ። የማሸጊያ መመሪያውን ጠይቄ አየሁት፤ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው ተሸካሚው ብቻ ነው፤ ጎበዝ፣ ታዛዥ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የሚያከብር ወጣት ነው አሉኝ።

ጋሽ ነቅንቅ የሚጠየቀው የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ በጤና ቢሮው የታችኛው አዳራሽ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው ብለዋል፤ ማንም አይመጣም ብለው ነው ክፍት ያደረጉት። እንግዲህ ኑ። ሥራ ያላችሁ አስፈቅዳችሁ ኑ፤ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ስለ እሱ ምሕረት አትለምኑ፤ እሱም አልለመነም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፦ ለአራት ዓመቱ ልጅ የሚሄደውን መቅኔ የሚያሽገው ማን ነው? መልሱን ሳትሰሙ ከወንበራችሁ አትነሡ።